ከወለል የመነሳት ትምህርት

ሰፈሩ «ጋሽ ፍሬን» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት አብረውት የሠሩ ሾፌሮች ናቸው፤ ሲያወጡለትም ለሙገሳ አልነበረም። የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ጉድጓድ ካየ ገና ከሩቁ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፌርማታ ሲደርስ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃበት የሚፈራ ይመስል ቀስ አድርጎ ነው የሚያቆመው። ቀይ መብራት ሳይበራ «ሊበራ ይችላል» ብሎ እግሩን ያዘጋጃል። ከኋላው ያሉት ጡሩምባቸውን ያንባርቁበታል፤ እሱ ወይ ፍንክች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል፣ ከኋላ ያለው ሰው የሚሰማው ይመስል። ተቆጣጣሪዎቹ ስለ መዘግየቱ ሲወቅሱት ደግሞ የሚመልስላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከኔ አውቶቡስ ላይ ቆሞ የሄደ ሰው ወድቆ ያውቃል?»

አያውቅም። ሐቁን ለመናገር ይሄ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ ትሪ ሙሉ እንቁላል ታቅፋ፣ ብረት የምትይዝበት እጅ እንኳ ሳይተርፋት፣ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ቆማ ሄዳ አንድም ሳይሰበርባት ወርዳለች። ስትወርድም በመስኮቱ በኩል ዞራ መርቃዋለች። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ይህን ታሪክ ያልሰማ ጎረቤት የለም። ሚስቱማ ብዙ ከመስማቷ የተነሳ እንቁላሎቹን በየስማቸው ትጠራቸዋለች ማለት ይቻላል።

በዕድሜው አንቱ ሊባል የሚገባው ሰው ነው። ነገር ግን የምናወራው እሱና ሚስቱ ብቻቸውን ስለሚኖሩበት ቤት ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ አንቱታ ከተረሳ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኛም አንተ ብንለው አይቀየመንም።

ሚስቱ ላውንደሪ ቤት ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነበረች። እሱ ዕድሜውን ሙሉ መሪ ጨብጦ ተቀምጦ ኖረ፤ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ካውያ ጨብጣ ቆማ ኖረች። ጤና ላይ ያላቸው አስተያየት የማይገናኘውም በዚህ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም። እሷ በጠዋት ትነሳለች። በባዶ ሆዷ ለብ ያለ ውሃ ትጠጣለች፣ በረንዳው ላይ ቆማ ክንዶቿን ወደ ላይ ወደ ታች ታደርጋለች፣ አየር በረጅሙ ስባ ቀስ ብላ ትለቃለች። ከዚያ ሻርፗን ጣል አድርጋ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ካላት ፀጉር ሠሪ ጓደኛዋ ጋር ለእግር ጉዞ ትወጣለች። ማታ ደግሞ እግሯን ጨው በነሰነሰችበት ሙቅ ውሃ ነክራ ትቀመጣለች። «እግር ካልተንከባከቡት ይቀየማል» ትላለች።

ጋሽ ፍሬን ከወንበሩ ሳይነሳ ያሾፍባታል። «እስከ ዛሬ መቆምሽ አንሶሽ ነው አሁን ደግሞ በነፃ የምትዞሪው?»

«አንተ ተቀምጠህ ከተማውን ስትዞር ከረምክ፤ እኔ ቆሜ አንድ ክፍል ውስጥ ቀረሁ» ትለዋለች። «አሁን ተራዬ ነው፤ ዝም ብለህ ሬዲዮህን ስማ።»

ሬዲዮውን እየሰማ ሳለ ነው የወደቀችው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ የሳሙና ውሃ በፈሰሰበት ወለል ላይ። ከግድግዳው ማዶ ድምፁን ሲሰማ ባልዲ የወደቀ መስሎት፣ «ደግሞ ምን ሰበርሽ?» ብሎ ተጣራ። በዚህች ጥያቄ እስከ ዛሬ ራሱን ይቅር አላለም። የሰበረችው ዳሌዋን ነበር።

ሐኪሞቹ ብረት አስገብተው ጠገኗት። አጥንቱ ደህና አድርጎ ይይዛል፣ የቀረው የእሷ ሥራ ነው ብለው ወደ ቤት ላኳት። በየሳምንቱ እየመጣች የምታሠራት ፊዚዮቴራፒስትም መደቡላት። ቀጠን ያለች ወጣት ናት፤ ገና በሩን ስታልፍ እጀታዋን ትሰበስባለች። የመጀመሪያ ቀን እግሯን ስታሳጥፋት ሚስቱ ከሕመሙ ብዛት «አንቺ ጨካኝ!» ብላ ጮኸች፤ ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ስሟ ጨካኟ ሆኖ ቀረ።

ሚስቱ ከሆስፒታል ከተመለሰች ጀምሮ ጋሽ ፍሬን ሌላ ሰው ሆነ። በትዳራቸው ዘመን አንድ ቀን ድስት ጥዶ የማያውቀው ሰውዬ ሾርባ መሥራት ተማረ። ጠዋት ለብ ያለ ውሃዋን ያቀርብላታል። ቀን ጎኗን ያገላብጣታል። ማታ ዘይት ለብ አድርጎ ከእግር ጣቷ ጀምሮ እስከ ጉልበቷ ያሻታል፤ እጁ ከባድ ነው፣ አሻሹ ግን ለስላሳ ነው። ቆዳዋ እንዳይቆስል አንዱን ትራስ ከወገቧ፣ አንዱን ከጉልበቷ፣ አንዱን ከተረከዟ ሥር ይሸጉጣል። ጨካኟ ራሷ የሚስቱን ጀርባ አገላብጣ አይታ፣ «እንዲህ ያለ አስታማሚ አይቼ አላውቅም» አለች። እሱም ደረቱ ተነፋ።

ግን ልብ በሉ። ሌላ ሰው የሚያደርግላት ሕክምና ሁሉ ሞልቶ ተርፏል፤ የጠፋው እሷ ራሷ የምታደርገው ብቻ ነው። ጨካኟ ስትመጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ታስቀምጣታለች፣ ባለ አራት እግሩን የመራመጃ ብረት አስይዛ ታቆማታለች፣ ጥቂት ታራምዳትና «እስክመለስ ድረስ ይህን ጠዋትና ማታ ይድገሙት» ብላ ትሄዳለች። በሩ እንደተዘጋ ጋሽ ፍሬን ብርድ ልብሱን ጎትቶ ያለብሳታል። «ዛሬማ ደክሞሻል። ነገ ትሞክሪዋለሽ» ይላል። ነገም ይመጣል፤ ነገም ደክሟታል። ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ደውላ «እማዬ መራመድ ጀመረች?» ስትለው፣ «እንዴታ! ማን ይይዛታል!» ብሎ ይመልስላታል። ያን ሲል ወደ አልጋው አይመለከትም።

ክፋት አልነበረበትም። ፍርሃት ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሱ ግን የፈራው አንዴ ደርሶበት ካለፈ በኋላም ተመልሶ ይመጣል ብሎ በር በሩን የሚያይ ሰው ሆነ። ብድግ ባለች ቁጥር ከግድግዳው ማዶ የሰማው ያ ድምፅ በጆሮው ይመጣበታል።

ጠዋት ጠዋት ፀጉር ሠሪዋ ብቻዋን ለእግር ጉዞ ስትወጣ የጫማዋ ኮቴ በመስኮቱ ይገባል። አጥሩ መንገዱን ይከልለዋል እንጂ ድምፁን አይከለክልም። ያኔ ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ጋሽ ፍሬን ይህን ያያል፤ ብርሃኑ አስቸግሯት ነው ብሎም መጋረጃውን ይዘጋላታል።

ፀጉር ሠሪዋ አንድ ሁለቴ ልትጠይቃት መጥታ ነበር። «ውሃና ሳፋ ይዤ ልምጣና እዚሁ አልጋሽ ላይ ልጠብሽ፤ ፀጉርሽ እኮ ጎጆ ሠራ» አለቻት። ሚስቱ እምቢ አለች። «ፀጉሬን የምታጠበው በእግሬ ሱቅሽ መጥቼ ነው። እስከዚያ እንደ ጎጆነቱ ይቆይ» አለች። ሲናገሩት ቀልድ ይመስላል፤ ጓደኛዋ ከሄደች በኋላ ግን ጎጆውን በጣቶቿ ስትዳብስ ቆየች።

አንድ ማታ እግሯን ሲያሻት ባቷ በአንድ እጁ መዳፍ ውስጥ ገብቶ አለቀ። ድሮ እኮ ጠንካራ ባት ነበረ፤ የላውንደሪ ቤቱን ሲሚንቶ ወለል ከጠዋት እስከ ማታ የቻለ። ጋሽ ፍሬን ደነገጠ። ድንጋጤውን ለማንም አልተናገረም፤ ዘይቱን ጨመር አድርጎ ማሸቱን ቀጠለ።

ጉድ የፈላው ጨካኟ ከወትሮዋ ቀድማ የመጣች ዕለት ነው። የመራመጃው ብረት መስኮቱ ሥር ቆሟል፤ ላዩ ላይ የጋሽ ፍሬን ሁለት ሱሪና ካልሲዎቹ ተንጠልጥለዋል። ልጅቷ ካልሲዎቹን ነካ ነካ አደረገቻቸው። ደርቀው እንጨት ሆነዋል።

«አባባ፣ ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው ልብስ ማስጫ የሆነው?»

«ዛሬ ብቻ ነው ልጄ። ውጭ ደመና ስለሆነ…»

«ትናንትስ?»

ካልሲዎቹን ከብረቱ ላይ መልቀም ጀመረ። መዋሸት የሚሆንለት በስልክ ብቻ ነው።

ጨካኟ አልተቆጣችም፤ ተቆጥታ ቢሆን ይሻለው ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሚስቱን ቀጭን እግር ጭኗ ላይ አሳረፈችው። «ልደብቃችሁ አልችልም» አለች። «አጥንቱ ድኗል። የሐኪሞቹ ሥራ አልቋል። የቀረው ጡንቻው ነው፤ ጡንቻ ደግሞ ካልሠራ ይሄዳል። እንዲህ ከቀጠልን ክረምቱ ሳያልፍ እማማ ጨርሶ መቆም ያቅታቸዋል። ከዚያ በኋላ እኔም ብመጣ ሌላም ሰው ቢመጣ ከዚህ አልጋ የሚያስነሳቸው የለም።»

ጋሽ ፍሬን ደሙ ፈላ። «ብትወድቅስ?» ብሎ ጮኸ፤ በሕይወቱ ብዙ የማይጮህ ሰው ነው። «አንቺ ሠርተሽ ትሄጃለሽ። ብትወድቅ እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ! ስንት ዘመን ሙሉ ሰው ጭኜ ስኖር አንድ ሰው ወድቆብኝ አያውቅም። አንድ ሰው ብቻ ነው የወደቀብኝ፤ እሷ! የራሴ ሚስት!» መጨረሻው ላይ ድምፁ ተሰበረ።

«አትፍረጂበት» አለች ሚስቱ ለልጅቷ። «እኔም አለሁበት። ስተኛለት ልቡ ይረጋል። ልነሳ ስል ፊቱን ብታዪው አመድ ነው የሚመስለው። ምን ላድርግ፣ አንጀቴን በላው። ለሱ ብዬ ተኛሁ።»

ይህን ጋሽ ፍሬን አያውቅም ነበር። እሱ ለእሷ ብሎ ሲያስተኛት፣ እሷ ለእሱ ብላ ስትተኛለት፣ ሁለቱ ተቃቅፈው ወደ ገደሉ እየሄዱ ነበር ማለት ነው። አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«ስማ አንተ ሰውዬ» አለችው ሚስቱ፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። አንተ እንቁላሉን ታቅፈኸው ልትኖር ነው እንዴ?»

ጨካኟ እጀታዋን ሰበሰበች። «በሉ እሺ። አባባ የሚፈሩት እማማ እንዳይወድቁ ነው። እንግዲያው ዛሬ አንራመድም፤ ከወለል መነሳት ነው የምንማረው። ሰው መነሳት ከቻለ መውደቁን ያን ያህል አይፈራም። ምንጣፉን ያምጡልኝ። መጀመሪያ የሚተኙት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? እኔ ምን ሆንኩ?»

«ምንም አልሆኑም። እማማ አይተው እንዲማሩ ነው።»

ጋሽ ፍሬን ምንጣፉ ላይ ተኛ። መተኛቱ ቀላል ነበር። በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያውን ሲያይ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ስንት ዘመን ሲኖር ጣሪያው ጥግ ላይ ያለውን የሸረሪት ድር አይቶት እንደማያውቅ ገባው። ልጅቷ ከበላዩ ቆማ ትእዛዝ ትሰጣለች። መጀመሪያ ዝም ብሎ መተንፈስ ነው፤ የወደቀ ሰው ተጣድፎ ለመነሳት ሲሞክር ነው ይበልጥ የሚጎዳው። ቀጥሎ እጅና እግርን እያንቀሳቀሱ የሚያም ቦታ መኖሩን ማየት። ከዚያ በጎን መዞር፣ በክርን መደገፍ፣ በእጅና በጉልበት መቆም፣ እየዳሁ ወደ ወንበር መሄድ፣ ወንበሩን ይዞ ጠንካራውን እግር ማስቀደም፣ መነሳት።

መተንፈሱን አሳመረው። መዞሩ ላይ ግን ሆዱ አልታዘዝ አለ። ወደ ግራ ሞክሮ ተመለሰ፤ ወደ ቀኝ ሞክሮ ተመለሰ። ደም ሥሩ ተገታተረ። ዕድሜ ልኩን ተቀምጦ የኖረ ወገብ ምን እንደሆነ ያን ዕለት አወቀ።

«መሪውን ወደ ግራ አዙረው!» አለች ሚስቱ ከአልጋው ላይ።

«ዝም በይ አንቺ፣ አታስቂኝ!»

«ማርሽ ቀይር! ዳገት ላይ ነህ እኮ! ተሳፋሪው እየጠበቀ ነው!»

እንደምንም ዞረ። በክርኑ ተደገፈ። በእጅና በጉልበቱ ሲቆም ሱሪው ከኋላ ሲጥ ብሎ ተተረተረ። ሚስቱ ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ ያልተሰማ ሳቅ ነበር፤ ትራሱን ታቅፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ ዳሌዋ እያመማት ሁሉ ሳቀች። ጨካኟም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ፍሬን ላብ በላብ ሆኖ ወንበሩን ይዞ ሲነሳ ተናዶ ነበር፤ ሚስቱን ሲያይ ንዴቱ የት እንደገባ ጠፋበት። ይህን ሳቅ ለመስማት ደግሞ ተኛ ቢሉት ይተኛ ነበር።

ተራው የእሷ ሆነ። ጋሽ ፍሬን አበባ ላጠጣ ብሎ ወደ በሩ አመራ። አበባ የላቸውም።

«የትም አይሄዱም» አለች ጨካኟ። «እዚህ ይቁሙ። እጅዎን ወደ ኋላ ያድርጉ። ካልጠራሁዎት በቀር አንድም ነገር እንዳይነኩ።»

እጁን ወደ ኋላ አደረገ። አንዱ እጁ ሌላውን ጨብጦ ያዘው። ሚስቱ ምንጣፉ ላይ ተኝታ ተነፈሰች። በደህናው ጎኗ ዞረች። በክርኗ ስትደገፍ ክንዷ ተንቀጠቀጠ። መሀል ላይ ደከማትና ግንባሯን መሬት አስነካች። ሊሮጥ ሲል ልጅቷ ሳታየው እጇን ዘርግታ አገደችው። ሚስቱ ቀና አለች፤ ዳኸች፤ ወንበሩን ጨበጠች። ጥርሷን ነክሳ፣ እንደ ምንም ብላ፣ ማንም ሳይነካት ቆመች። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር ጋሽ ፍሬን የሠርጋቸው ዕለትም አላየውም። አለቀሰ። ማልቀሱን አልደበቀም፤ እጁን ወደ ኋላ አድርግ ስለተባለ እንባውንም አልጠረገም።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ተማሪ ሆኑ። ጠዋት ለብ ያለውን ውሃ አብሯት ይጠጣል፤ መርዝ የሚጠጣ ይመስል ፊቱን አጨማዶ ነው የሚጠጣው። በረንዳው ላይ እሷ መራመጃዋን ከፊቷ አድርጋ ቆማ፣ እሱ አጠገቧ ሆኖ፣ ክንዳቸውን ወደ ላይ ወደ ታች ያደርጋሉ። ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። «አየሩን በአፍንጫህ ሳበው፤ እንደ ባቡር አታንኮራፋ» ትለዋለች። ልጃቸው ስትደውል አሁን ስልኩን የምታነሳው እናትየዋ ናት፤ የአባትየው ሱሪ እንዴት እንደተቀደደ ሳታወራላት ስልኩን አትዘጋም።

ከአልጋው እስከ በሩ ተራመደች። ከበሩ እስከ በረንዳው። ከዚያ የመራመጃውን ብረት ትታ በምርኩዝ እስከ ግቢው በር። ጋሽ ፍሬን ግን ገና ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ክንዶቹን ዘርግቶ፣ ዶሮ እንደሚያስገባ ሰው ጎንበስ ብሎ ከኋላዋ ይከተላታል።

«ዞር በል ከኋላዬ። ትንፋሽህ ነው የሚገፋኝ» ትለዋለች።

ጥቂት ይርቃል። መልሶ ይጠጋል። ጨካኟ ይህን አይታ በሚስቱ ጆሮ የሆነ ነገር ሹክ ስትል አያት፤ ምን እንዳለቻት ሁለቱም አልነገሩትም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ምርኩዟን ይዛ ከክፍሏ ወጣች። «ፀጉሬን ልታጠብ ነው» አለች።

«እሰየው! ጫማዬን ላድርግና…»

«ጫማህን ምን ያደርግልሃል? ብቻዬን ነው የምሄደው።»

«መንገዱን ልታቋርጪ? መኪናው እኮ…»

«መኪና የማይበት ዓይን አለኝ። አንተ ቁጭ በል።» ይህን ስትል ድምፅዋ አልጨከነም። ወደ እሱ ጠጋ ብላ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት፤ ዕድሜ ልኳን የሰው ኮሌታ ስታስተካክል ኖራ እጇ አይስትም። «እንዳትከተለኝ። ከተከተልከኝ ሁሌም ትከተለኛለህ» አለችው።

ምርኩዟ በረንዳው ላይ ኳ፣ ኳ እያለ ሄደ። ግቢው ውስጥ ያለው ጠጠር ተንኮሻኮሸ። የግቢው በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ፍሬን ምንም አልሰማም።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ተነሳ። ውሃ ጣደ፤ ሳይፈላ አወረደው። አልጋዋን አነጠፈ፤ ትራሶቹን ሁሉ ከያሉበት ለቅሞ አንዱን ብቻ አስቀረ። አልጋው ድንገት ተራ አልጋ ሆነበት። ከዚያ መንገዱ ላይ የመኪና ፍሬን ሲያፏጭ ሰማ።

ሾፌር ነውና ድምፁን ያውቀዋል። ጎማው ተጎትቷል፤ በድንገት ነው የተያዘው። ባዶ እግሩን እስከ ግቢው በር እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። እጁ መወርወሪያው ላይ ሲያርፍ ቆም ብሎ አደመጠ። ሰው ከተገጨ ከፍሬኑ ቀጥሎ ጩኸት ይመጣል። ጩኸት አልመጣም። መኪናው ማርሽ ቀይሮ መንገዱን ቀጠለ። አንድ ሰው የሆነ ነገር ሲል ተሰማ፤ ቃሉ ግን አልተለየም። ከዚያ ዝምታ ሆነ።

በሩን መክፈት ይችል ነበር። አንድ ክንድ የማይሞላ ክፍተት ከፈት አድርጎ አጮልቆ ማየት፣ አይቶም መመለስ። እሷም ላታውቅ ትችላለች። እሱ ግን ያውቃል፤ ነገም ከነገ ወዲያም አጮልቆ የሚያይ ሰው ሆኖ እንደሚቀር ያውቃል። እጁን ከመወርወሪያው ላይ ማንሳት፣ በስንት የሥራ ዘመኑ ካቆማቸው አውቶቡሶች ሁሉ ይልቅ ከበደው። እንደምንም አነሳውና ወደ ቤት ተመለሰ። ጠጠሩ እግሩን እንደሚወጋው የተሰማው ያኔ ነው።

ፀጉር ለመታጠብ ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብሎ አስቦ አያውቅም። ሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠሩም ጠይቆ አያውቅም ነበር። ሬዲዮውን ሊከፍት ፈለገና ተወው፤ ድምፅ ያመልጠኛል ብሎ ፈራ። ሆድ ባሰው። ያለ እሷ ይህ ቤት ምን እንደሚመስል ቁጭ ብሎ አየው፤ ከዚህ በፊት እንዳያየው ነበር ያን ሁሉ ትራስ ሲደረድር የከረመው።

በመጨረሻ የግቢው በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ። ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ። ምርኩዙ በረንዳው ላይ ኳ፣ ኳ እያለ መጣ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆመች።

ፀጉሯ ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ ከግንባሯ ላይ ወደ ኋላ ተይዞ ያበራል። የሻምፖ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ጉንጮቿ ቀልተዋል። ጋሽ ፍሬን ግን ሌላም ነገር አየ። ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሷ በቀኝ ጎኑ፣ ከዳሌዋ ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ፣ አቧራ ጠጥቷል። ምርኩዙን የያዘው እጇ መዳፍ ተልጧል።

ወድቃለች።

አፉ ተከፈተ። ሚስቱ ደጃፉ ላይ እንደቆመች ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፤ አንድ ነገር እየጠበቀች ነው። አሁን ቢጮህ፣ አሁን ሮጦ ቢደግፋት፣ አሁን «አላልኩሽም?» ቢላት፣ ነገ ከዚህ በር አትወጣም። ለእሱ ብላ ትቀራለች። ይህን እንደ ቀን ብርሃን አየው።

አፉን ዘጋ። ቀስ ብሎ ተጠጋትና ጎንበስ አለ። ዳሌዋ ላይ ያለውን አቧራ በመዳፉ አራገፈላት፤ ቀጥሎ ጉልበቷ አካባቢ ያለውን፣ ቀጥሎ የቀሚሷን ጫፍ። ጊዜ ወሰደ፤ ጨርቁ አቧራ የሚይዝ ዓይነት ነው። ሲጨርስ ቀና ብሎ አያት።

«ፀጉርሽ አምሮብሻል» አላት።

ሚስቱ ይዛው የነበረውን ትንፋሽ በረጅሙ ለቀቀችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከንፈሯ ግን ሳቅ ሳቅ ብሏል።

«ማንም አላነሳኝም እኮ» አለችው።